ዱቡሻ ላይ የቆመ ቀርከሃ

ሻሺቱን ከጫኖ የሙዝ ማሳ አንስቶ ማርጫ ጋራ ላይ ያስቀመጣት የመንግሥት ዕጣ ነው። በ1998 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጅ በዲፕሎማ ስትመረቅ የጓደኞቿ ዕጣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ዙሪያ ቀረ፤ የእሷ ግን ከጨንቻም አልፎ ሽቅብ ወጣ። እናቷ ወሬውን ስትሰማ "ልጄን ደመና ውስጥ ወረወሩብኝ" ብላ አለቀሰች። አልተሳሳተችም። ማርጫ ከዓመቱ እኩሌታውን ጉም ለብሳ የምትውል፣ ሰዎቿ ገብስ ዘርተው፣ እንሰት ተክለው፣ ሸማ ሸምነው የሚያድሩባት ቀበሌ ናት። ሙቀት ለምዶ ላደገ ሰው የመጀመሪያው ክረምት ቅጣት ነው።

ከኦይታ ጋር ያገናኛትም ይኸው ብርድ ነው። ኦይታ ሸማኔ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሸማ ጉድጓዱ ብድግ ሲል ቁመቱ ማለቂያ የሌለው የሚመስል። ቡልኮ ልታሠራ ቤቱ ሄደች።

"ቲቸር፣ ቡልኮ ቶሎ አይደርስም" አላት። አገሩ ትልቅ ትንሹ ቲቸር ነበር የሚላት።

"እስኪደርስ በብርድ ልሙት?"

"ለምን ትሞቻለሽ? ከትምህርት ቤት ስትወጪ እየመጣሽ እሳት ሙቂ። በዚያውም እንዳልሰርቅሽ ፈትሉን ትጠብቂያለሽ።"

ጠበቀች። ቡልኮው ሳያልቅ የሁለቱን ነገር ሰው ሁሉ አውርቶ ጨረሰው። በዓመቱ ተጋቡ።

ቤታቸው ሳቅ ያለበት ቤት ነበር። እሷ ደብተር ታርማለች፣ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን ያመላልሳል፤ አንዱ በሌላው ሥራ ያሾፋል። "አንቺ ስታርሚ ቀይ ብቻ ነው የምትሸምኚው" ይላታል። የጎደለው ልጅ ነው። ጸበልም ሐኪምም ሞከሩ፤ አልሆነም። የኦይታ ታላቅ ወንድም ዳልጮ፣ አጥሩ ከአጥራቸው የተያያዘ ቁጥብ ገበሬ፣ በሰው ፊት አንዴ "የወንድሜ ቤት ጭስ እንጂ ድምፅ የለውም" ብሎ ነበር። በዚያ አገር ልጅ ያላስከተለ ሰው ሲሞት መሬቱ ለወንድሞቹ ይመለሳል። ሚስቲቱ ከሌላ ቦታ የመጣች ከሆነች ደግሞ ወደመጣችበት ትመለሳለች። ሻሺቱ ይህን ታውቃለች። ኦይታ ጎልማሳ ነው፣ ጤነኛ ነው፤ ስለ ሞቱ የሚያስብ ማን አለ?

ዲፕሎማ ያለው መምህር ዲግሪውን ካልያዘ እያደር ወደ ዳር እንደሚገፋ በየስብሰባው ይነገር ጀመር። ሻሺቱ በርቀት ትምህርት ተመዘገበች። ወፍራም ሞጁል ለመቀበል ወደ አርባ ምንጭ ትወርዳለች፣ ፈተና ለመፈተን ትወርዳለች፣ ውጤት ጠፋ ሲባል ደግሞ ልትፈልግ ትወርዳለች። በክረምት መንገዱ ሲናድ ሁሉም ይቀራል። በ2005 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው የርቀት ትምህርቱን ቀስ በቀስ ወደ ኦንላይን እንደሚያዞረው አስታወቀና ተማሪዎቹን ለገለጻ ኮምፒውተር ክፍል ሰበሰበ።

ገለጻውን የሰጠው ጌታነህ የሚባል ወጣት መምህር ነው። ደስታው ከፊቱ ይነበባል። "ከእንግዲህ እናንተ ወደ ዩኒቨርሲቲው አትመጡም፤ ዩኒቨርሲቲው ወደ እናንተ ይመጣል" አለ። ትምህርቱ ኮምፒውተር ላይ እንደሚጫን፣ ውይይቱም ጥያቄውም አጫጭር ፈተናውም እዚያው እንደሚካሄድ አስረዳ።

ከቦንኬ የመጡ ሽበታም መምህር ተነሡ። "ወንድሜ፣ ጥያቄ ሲኖረን እጃችንን የት ነው የምናወጣው?"

"አያወጡም ጋሼ፤ ይጽፉታል።"

"ኔትወርክ ከሌለስ?"

"ኔትወርክ እየመጣ ነው።"

"ከየት?"

"ከአዲስ አበባ።"

"እንግዲያው ድልድዩ መሰበሩን ንገሩት" ብለው ተቀመጡ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጌታነህም ሳቀ። ሻሺቱ ግን ሳቁ መሀል ሆና ሌላ ነገር አሰበች። ጉም ውስጥ፣ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ የምትማርበትን ቀን አሰበች። ዕለቱኑ ሲቀላ ሐቢብ የሚባል ሱቅ ገብታ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛች፤ ኢንተርኔት የሚያስገባውን ጣት የምታህል ዶንግልም አብራ። በቡልኮ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወጣች።

ማርጫ ላይ ዶንግሉ ሞተ። ምድጃው አጠገብም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይም ሞከረች፤ መብራቱ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ልታለቅስ ደርሳ ሳለ ኦይታ አንድ ነገር ትዝ አለው።

"እኔ ስልኬ የሚጮኸው ዱቡሻ ስቀመጥ ነው" አለ። "ባለፈው ስለ ግጦሽ ክርክር ስንሰማ የሲቀላ ነጋዴ ደውሎ አባ ባፈና ፊት አዋረደኝ።"

ዱቡሻ የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ከመንደሩ በላይ፣ ጋራው ወደ ቆላ በሚያዘነብልበት ጠርዝ ላይ፣ ያረጀ ጽድ የቆመበት ሣር ነው፤ በዙሪያው ሽማግሌዎች የሚቀመጡባቸው ድንጋዮች አሉ። ሰው የሚካሰሰውም የሚታረቀውም እዚያ ነው። ጉም ሲገለጥ አባያ በዚህ፣ ጫሞ በዚያ፣ በመካከላቸው አርባ ምንጭ ይታያል። የከተማው የቴሌ ማማ ከዱቡሻው ጋር ፊት ለፊት ይተያያል።

ሴት ለክስ ወይም ለእርቅ ካልሆነ እዚያ አትውልም። ስለዚህ ኦይታ አስቀድሞ አባ ባፈናን ጠየቀ። አባ ባፈና የሸንጎው አንጋፋ ናቸው፤ በጣም ስለሸመገሉ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ጥቂት አሰቡና "ዕውቀት ልትወስድ ነው የምትመጣው? ትምጣ" አሉ። "ድንጋዮቹ ላይ እንዳትቀመጥ። መሬቱንም እንዳትወጋ። የዱቡሻ መሬት በዶማም በእንጨትም አይወጋም።"

እንግዲህ የሻሺቱ ክፍል ይህ ሆነ። ላፕቶፑን ቀን በጤና ኬላው ሶላር ትሞላዋለች። አመሻሽ ላይ በርጩማዋን ይዛ ትወጣና ከድንጋዮቹ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ኔትወርኩ ከመሬት ከፍ ሲሉ እንደሚሻል ያወቀው ኦይታ ነው። ዶንግሉን በረጅም ገመድ ቀጥሎ፣ ቀጭን ቀርከሃ ጫፍ ላይ በፈትል አሰረውና ሽቅብ ያዘው። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ቀርከሃውን እንደ ጦር ይዞ ይቆማል። እጁ ሲዝል ያቀያይራል።

"አገኘሽው?"

"ትንሽ ወደ ግራ።"

"ዕውቀት ወደ ግራ ነው ያለው?"

"ዝም በል፣ ኦይታ፣ እየጫነ ነው።"

"እኔ ነኝ እንጂ የተጫንኩት።"

ከብት የሚያስገቡ ሰዎች ሲያልፉ "ሸማኔው ጨረቃ ሊያወርድ ነው" እያሉ ይስቁበታል። እሱም "ስትወርድ ጋቢ አለብሳታለሁ" ይላቸዋል። የመጀመሪያው ውጤቷ የመጣ ዕለት ማያ ገጹን አስነበበችው። አማርኛ ማንበብ ይችላል፤ እንግሊዝኛውን ግን ቁጥሩን ብቻ ነው ያወቀው። ቁጥሩን አይቶ ቀርከሃውን እንደያዘ ጨፈረ፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እንደዚህ ከዓመት በላይ ተማረች። ከዚያ ያ ቀን መጣ።

ኦይታ የጨረሰውን ጋቢ ይዞ ሲቀላ ወርዷል። ለዚያ ቀን አጭር ፈተና ነበራት፤ አንዴ ከተከፈተ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምር፣ ካመለጠ የማይደገም። ነፋስ ነበር። ቀርከሃውን በክንዷና በጉንጯ መሀል አጣብቃ በአንድ እጅ መጻፍ ጀመረች። ይንሸራተታል። ታነሣዋለች፣ ይንሸራተታል። መብራቱ ቀላ። ጥያቄው ገና ግማሽ ነው። ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች፣ ማንም የለም። ቀርከሃውን በሁለት እጇ ይዛ ተጫነችው። ዝናብ ያራሰው መሬት ያለ ድምፅ ተቀበለው።

ፈተናውን ጨርሳ ላከች። ቀርከሃውን ነቅላ የቀረውን ሽንቁር በእግሯ ስትደፍን፣ ዳልጮ ላሞቹን ከፊቱ አድርጎ ከጽዱ ወዲያ ቆሟል። ላሞቹን "ሂጂ፣ ሂጂ" እያለ አለፈ።

ኦይታ ሲመለስ ነገረችው። ለአንድ አፍታ ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ።

"ወጋሽው?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ መውጋት የሚባል የለም።" ከዚያ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ሲያይ ሳቁ ተመለሰ። "ይሁን፤ መሬቷም ትማር። እስከ መቼ ማይም ሆና ትኖራለች?"

በማግሥቱ አባ ባፈና ጋ ሄዶ መናገር ይገባቸው ነበር። ያኔውኑ ቢነገር በአንድ ምርቃት ያልቅ ነበር። ግን የእንሰት ሥራ መጣ፣ የተማሪዎች ፈተና መጣ፣ ነገሩ ተረሳ። ተረሳ ብለው ያመኑት እነሱ ናቸው።

በ2007 መስቀል አልፎ ብዙም ሳይቆይ ኦይታ ምግብ እምቢ አለ። መጀመሪያ የበዓሉ ሥጋ ነው ተባለ። ቀጥሎ የዓይኑ ነጭ እንደ ሰናፍጭ አበባ ቢጫ ሆነ። ጨንቻ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ከዚያ አርባ ምንጭ። ሐኪሙ ሻሺቱን ለብቻዋ ጠርቶ ጉበቱ ቀድሞ እንደተበላሸ፣ አዲስ አበባ መሄድ ይቻል እንደሆነ እንጂ ብዙ ተስፋ እንዳታደርግ ነገራት። ኦይታ አዲስ አበባን አልፈለገም። "ቤቴ ውሰጂኝ" አለ። ቤቱ ወሰደችው። ያ ቁመታም ሰው ከጉድጓዱ ጎን ፍራሽ ላይ ሲተኛ አጥሮ ታየ።

በጋሞ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። አይደረግም የተባለውን ያደረገ ሰው፣ ካልተናገረና ካልነጻ፣ ጥፋቱ ቤቱን ያገኘዋል፤ በልጅ፣ በከብት፣ በባል ይመጣል። ጎሜ እንዳለ የተጠረጠረ ቤት ሰው ሲታመም ሽማግሌ ይጠራል፣ ያጠፋው ዱቡሻ ወጥቶ በሰው ፊት "ይህን አድርጌያለሁ" ይላል። ደብቆ ከቀረና በሽተኛው ከሞተ፣ ሞቱ በደባቂው ላይ ይወድቃል።

ዳልጮ አንድ ጠዋት ወንድሙን ሊጠይቅ ገባ። ሲወጣ በሩ ላይ ከሻሺቱ ጋር ተገጣጠሙ።

"መሬቱን የወጋ እጅ ነው ወንድሜን የወጋው" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ጉበቱ ነው የታመመው ጋሽ ዳልጮ። ሐኪም አይቶታል።"

"ጉበቱን ማን አሳመመው?"

አልፋው ገባች። ኦይታ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የተኛ መስሏት ስታልፍ እጇን ያዘው።

"ሻሺቱ፣ ተናገሪ።"

"ምኑን?"

"ዱቡሻ ውጪና የቀርከሃውን ነገር ተናገሪ። ጎሜው ይውጣ።"

አጠገቡ ቁጢጥ አለች። በስሟ ሲጠራትም አልለመደችም። "አንተም?" አለችው።

"እኔም።"

"ኦይታ፣ ቀርከሃውን የሠራኸው አንተ ነህ። መሬቷም ትማር ያልከኝ አንተ ነህ።"

"ነኝ። አሁን ተናገሪ ነው የምልሽ።"

ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ጎሜዋን ተናግራ የነጻች ሴት ወደዚያ ቦታ ለራሷ ጉዳይ ዳግመኛ አትወጣም። ሌላ ኔትወርክ ያለበት ቦታ የለም። የቀሯት የመጨረሻው መንፈቅ ዓመት ትምህርቶችና የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነበሩ፤ በሽተኛ ጥላ ደግሞ አርባ ምንጭ ወርዳ አትቀመጥም። ይህ ግን ያን ያህል አልከበዳትም። የከበዳት ሌላ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ያለውን ይበል። ያ ሰው ግን፣ በነፋስ ቀርከሃ ይዞ የቆመላት ሰው፣ ገደልሽኝ ማለቱ ነው።

እምቢ ማለት ትችል ነበር? የሚሞት ሰው ለምኗት?

ወጣች። ሽማግሌዎቹ በድንጋዮቻቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አገሩ ተሰብስቧል። አባ ባፈና እርጥብ ሣር አስያዟት። ሻሺቱ ዓይኗን ከሣሩ ሳታነሣ "ለትምህርቴ ብዬ የዱቡሻውን መሬት በቀርከሃ ወግቻለሁ፤ ሳልናገርም ቆይቻለሁ፤ ባሌ ታሞብኛል" አለች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ የምታውቀው ድምፅ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ አልተቆጧትም። ይህም አሳመማት፤ ቢቆጧት ትቆጣ ነበር። አባ ባፈና ሣሯን ተቀብለው "ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ይህን ነገር በዚህች ልጅ ላይ የሚያነሣ ጎሜው የራሱ ይሁን" ብለው መረቁ። ሕዝቡ ተቀበለ። ዳልጮም ከሰው መሀል ሆኖ ሲቀበል አየችው።

ቤት ስትገባ ኦይታ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ይጠብቃታል።

"ተናገርሽ?"

"ተናገርኩ።"

"ሁሉም ሰምቷል?"

"ሁሉም።"

"ዳልጮስ?"

"እሱም አለ፤ ደስ ብሎታል" አለችና ቡልኮውን አልብሳው ወጣች።

ከዚያ በኋላ እስኪሞት አስታመመችው። ያጎደለችበት ሥራ የለም፤ ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ሳቁን ግን ከለከለችው። ሊቀልድ ሲጀምር ዕቃ ታነሣለች። አንድ ቀን ከሰል ላይ አጥሚት ስታሞቅ ቆየችና ዞር ሳትል "እንግዲህ ጠቀመህ?" አለችው። ኦይታም "ጠቀመኝ" አላት። ሰውነቱ አልቆ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጠቀመኝ ሲላት ጭራሽ ያፌዘባት መሰላት። በጥር ሞተ።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ሸማኔዎች ከየቦታው መጡ፤ ጫኖ ያለችው እናቷና ዘመዶቿ በመኪና ተጭነው መጡ። እናቷ ሌላ ነገርም አስባ ነው የመጣችው፤ የልጇን ዕቃ የሚያነሣ ሰው ይዛ መጥታ ነበር፣ መባረሯ አይቀርም ብላ። ግን ማንም ሂጂ አላላትም። ዳልጮ በለቅሶው መጨረሻ ተነሥቶ "ቤቱም ጓሮውም የሻሺቱ ነው፣ የወንድሜ ቃል ነው" አለ። በማግሥቱ ቀርከሃ ተሸክሞ መጥቶ የቤቱን የዘመመ ጎን አቀናላት። ሲሠራ ዋለ፤ ያቀረበችለትን ቆጮ በላ፤ "እግዜር ያጽናሽ" ብሎ ሄደ። ሻሺቱ ከውስጥ እያየችው 'ዛሬ ነው ያፈርከው' አለች በልቧ።

ከአርባው በኋላ ትምህርት ቤት ስትመለስ ስልክ ተደወለላት። መምህር ጌታነህ ነው። ክፍሏ ውስጥ፣ ጠረጴዛዋ አጠገብ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም አንዳንዴ ሲሆንለት ስልክ ይሰማል።

"ሻሺቱ፣ ምን ሆነሽ ነው? ከሲስተሙ ላይ ጠፋሽ እኮ።"

"ባለቤቴ አርፎ ነው መምህር።"

"ወይኔ! ወይኔ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አልሰማንም።" ቀጠለ። "ላስቸግርሽ ብዬ አልነበረም። ኦንላይኑ እየሰፋ ነው፤ ከሌሎች ትምህርት ክፍሎችም ሊገቡ ነው። ኔትወርክ ለሚያስቸግራቸው ደግሞ ጨንቻ ላይ ማዕከል ከፍተናል። ኮምፒውተር አለ፣ መስመሩ ጥሩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ የቀረሽን ትጨርሻለሽ።"

"ጨንቻ? መቼ ነው የተከፈተው?"

"ባለፈው ሳምንት ነው። ምን አልሽኝ? አይሰማም..."

ስልኩ ተቋረጠ። ሻሺቱ ጠመኔውን እንደያዘች ቆመች። ጨንቻ። ገበያ የምትሄድበት፣ በእግሯ የምታውቀው ጨንቻ። ያኔ ይህ ቢኖር ቀርከሃም፣ ዱቡሻም፣ ጎሜም የለም። ኦይታም የሚላት ነገር አያገኝም፣ ሳትኮርፈው ትቀብረው ነበር። ዲግሪውን በኋላ እዚያው ጨንቻ ጨርሳ ወስዳዋለች፤ ያን ቀን ግን ያሰበችው ዲግሪውን አልነበረም። ያን ቀን ቃሏን ማስመለስ ፈለገች።

ተማሪዎቹን አሰናብታ አባ ባፈና ቤት ሄደች። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እጃቸውን ስማ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አባቴ፣ የተናገርኩትን ልመልስ ነው የመጣሁት።"

"የትኛውን?"

"ዱቡሻ ላይ የተናገርኩትን። ጎሜው ከወጣ ኦይታ ለምን ሞተ? ስለዚህ የገደለው ጎሜ አልነበረም። እኔ አልገደልኩትም። ሰው በሰማበት ቦታ ይነገርልኝ።"

አባ ባፈና ቀና ብለው አዩዋት። "ገደልሽው ያለሽ ማን ነው?"

"እሱ ነዋ። ተናገሪ ያለኝ እሱ ነው።"

"እሱ እንደዚያ አላለም።"

"እንዴት አላለም! በአፉ..."

"ልጄ፣ ስሚኝ። ከሐኪም ቤት በመለሳችሁት ሳምንት አስጠርቶኝ ነበር። 'አባ ባፈና፣ ቀርከሃ ጉበት ይበላል?' አለኝ። እኔም ያጠፋ ሰው መንጻቱ ይገባዋል፤ ግን ሞት ሁሉ ከጎሜ አይመጣም፣ የአንተ በሽታ ቀድሞም ውስጥህ ነበረ አልኩት። 'እኔም እንደዚያ ነው የማስበው' አለኝ። ሳቀብኝም።"

ሻሺቱ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

"'እንግዲያ ምን ያስጨንቅሃል?' አልኩት። 'እኔማ እሞታለሁ፤ የሚያስጨንቀኝ ከሞትኩ በኋላ ያለው ነው' አለኝ። 'ዳልጮ አይቷታል። ሳትናገር ከሞትኩ ሞቴን በእሷ ላይ ይጭኑና ከቤቴ ያወጧታል፤ ልጅ የላት፣ እዚህ ዘመድ የላት። በሰው ፊት ተናግራ ከነጻች ግን ማንም አፉን አያነሣባትም' አለኝ። እኔም ምርቃቱ ላይ ያን ቃል የጨመርኩት እሱ ለምኖኝ ነው። ዳልጮንም አስምሎታል።"

"ለምን አልነገረኝም?" አለች። እጃቸውን ያዘች። "ለምንድን ነው ለእኔ ያልነገረኝ?"

"እኔም ንገራት ብዬው ነበር። 'አያውቋትም' አለኝ። 'ለቤት ብለሽ ተናገሪ ብላት ከዳልጮ ጋር ትገጥማለች እንጂ አትናገርም። ስለ እኔ ብለሽ ካልኳት ነው የምትናገረው' አለኝ።" ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መሬት አወረዱ። "ቃልሽን ልመልስልሽ? ብትፈልጊ ሽማግሌ እሰበስባለሁ።"

ራሷን ነቀነቀች። አትፈልግም። ቤቱ፣ የቀናው ጎኑ፣ የዳልጮ ማጎንበስ ሁሉ የተሠራው በዚያ ቃል ነው። እውነትም ነግሯት ቢሆን አትናገርም ነበር። ትጮህ ነበር፤ ትምህርቴ ወንጀል አይደለም ትል ነበር፤ ተከራክራ፣ ረትታ፣ ዕቃዋን ጭና ጫኖ ትገባ ነበር። ያውቃታል። እሷ ግን አላወቀችውም። ዳልጮስ ሰምቷል ወይ ብሎ ሲጠይቃት ምን እየጠየቃት እንደሆነ አልገባትም። ያን ሁሉ ጊዜ ፍራሹ ላይ ሆኖ፣ ጀርባዋን እያየ፣ ነገሩን በሆዱ ይዞ፣ ኩርፊያዋን እንደ መድኃኒት ዋጠው።

ተነሥታ ወረደች። መንገድ ላይ ሰላም ያላትን ሰው አላየችም። ቤቷ ገብታ የሸማ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠችና ጮኸች። በለቅሶው ቀን ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች። በለቅሶው ቀን ቂም አፏን ይዞት ነበር።

ድምፁ አጥሩን አልፎ ተሰማ። መጀመሪያ የዳልጮ ሚስት ነጠላዋን አገልድማ ሮጣ መጣች፤ ተከትለው የጎረቤት ሴቶች መጡ፤ ከገበያ የሚመለሱትም ሸክማቸውን ደጅ ላይ አውርደው ገቡ። ኀዘን ተመልሶ የመጣባት መስሏቸው ከበቧት። አንዷ የኦይታን ስም እየጠራች ግጥም አወጣች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ጥበቡ፣ ስለ ቀልዱ አለቀሱ። ዳልጮ ደጅ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ያለቅሳል።

ምን ሆነሽ ነው ብሎ የጠየቃት የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ለምን ታለቅሳለች ተብሎ አይጠየቅም።